ከፊት ወንበር የወረደችው

ሚዛኑ ላይ የቆመችው ሴት አርባ ስድስት ኪሎ ነበረች።

እሱ ሃምሳ ሦስት ብሎ ጻፈ።

በዚህች ትንሽ አየር ማረፊያ የጭነት ሒሳብ ሠራተኛ መስሎ ሦስት ዓመት ሲኖር አንዲት ቁጥር አላዛባም። ዛሬ ግን በእያንዳንዱ ተሳፋሪ ላይ ሰባት ሰባት ኪሎ ጨመረ፤ በሴትየዋ፣ በባሏ በአብራሪው፣ «ጌታው» በሚሉት የአውሮፕላኑ ባለቤት፣ በሁለቱ ጠባቂዎች። ሠላሳ አምስት የሐሰት ኪሎ።

የምስጢር ስሙ «ድርጭት» ነው። አለቃው «አጎት»። ትእዛዙም አጭር ነበር። ጅራቱ ጋ የተጫነው ከባድ ሻንጣ እንደ እሱ ያሉ የሃያ ሦስት ሰላዮች ማህደር ይዟል። ድንበር ከተሻገረ ሃያ ሦስቱም አለቀላቸው። ሻንጣው ይቅር፤ ጥይት አይተኮስ።

«ሠላሳ አምስት ኪሎ በልጧል፤» አለ ወረቀቱን ይዞ ወጥቶ። «ሻንጣው ከቀረ ይበቃል።»

ጌታው ሰዓቱን አየ።

«ሴትዮዋ ትውረድ።»

ድርጭት ክው አለ። ይህን አላሰበም። እንዴት አላሰበም!

ሴትየዋ ኩላሊቷ ከደከመ ቆይቷል። የከተማው የኩላሊት ማጠቢያ ማሽን ከተበላሸ ስድስት ቀኑ። ሽማግሌው አብራሪ ስንት ደጅ ጠንቶ፣ ስንት ለምኖ ነው ከፊት ከጎኑ ያስቀመጣት፤ ከድንበር ማዶ ሆስፒታል ሊያስገባት፤ የመኪናውን መንገድ አትችለውም ብሎ። ድርጭት ደግሞ ሦስት ዓመት ከቤታቸው በልቷል። የተበጠሰ የሸሚዝ ቁልፉን የምትተክልለት እሷ ናት። እማማ ነው የሚላት።

«ልጄ፣ እስቲ እንደገና ደምረው፤» አለ አብራሪው።

ድሮ ሽማግሌው እያንዳንዱን ቁጥር ራሱ ይደምር ነበር። ስህተት ሲያጣበት ተወው። «አንተ ከደመርከው እኔ ምን ቤት ነኝ» እያለ ሳያየው ይፈርማል። ዛሬም ሳያየው ፈርሟል።

«ደምሬዋለሁ አባባ።»

ጠባቂው ክንዷን ይዞ አወረዳት። ሻንጣው ግን ገና እዚያው ነው።

«ከፊት ሰው ሲወርድ ጅራቱ ይከብዳል፤» አለ ድርጭት። ይኼኛው እውነት ነበር። «በዚህ ከተነሳ ይወድቃል። ሻንጣውም ይውረድ።»

«አንዱ ጠባቂ ወደ ፊት ይለፍ!» አለ ጌታው።

«እሱንም አስልቼዋለሁ። አይበቃም።»

ይኼኛው ውሸት ነበር። ጌታው ተሳደበ፤ ሻንጣውን በእግሩ ገፋው። «ካዝናህ ውስጥ ቆልፍበት። ነገ ይመጣል።»

የአብራሪው ፊት በራ። «እንግዲያው ለእሷ ቦታ አለ! አይደለም እንዴ ልጄ? ንገራቸው እንጂ!»

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ።

አዎ ቢል ይበቃ ነበር። ግን እሷ ወደ ፊት ወንበሯ ከተመለሰች ጅራቱ ይቀላል፤ ጌታው ትንሽ ነዳጅ አስቀንሶ ሻንጣውን መልሶ ይጭናል። ሞኝ አይደለም።

ሃያ ሦስት ሰው።

«አይሆንም አባባ። ቅድም ይበቃል ያልኩት ተሳስቼ ነው።»

አብራሪው ከወንበሩ ሊነሳ ሲል ጠባቂው ሽጉጡን አሳየው። «ሂድ በቃ፤» አለችው ሚስቱ ከታች። «ነገ ትመጣ የለ። ልጃችን አለልኝ።»

አውሮፕላኑ ተነሳ።

ከመጋዘኑ ጀርባ ግራጫ መኪና ቆሟል። አጎት መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ዕቃው?»

«መጀመሪያ ሴትየዋን ሆስፒታል አድርሱልኝ። በመኪና ሦስት ሰዓት ነው።»

«ሁለተኛ መኪና ከኋላዬ እየመጣ ነው። ሐኪም አለበት። ቃሌ ነው።»

ሻንጣውን ሰጠው።

ሁለተኛ መኪና አልነበረም።

አንድ ሰዓት ጠብቆ ደወለ። «መኪናው የታለ?»

«ሥራው አልቋል፣ ድርጭት። ስልኩን ጣለውና ውጣ።»

«ቃል ገብተህልኛል እኮ!»

ተዘጋ።

እማማን አቅፎ አነሳት። ወደ አስፋልቱ ሮጠ፤ ያገኘውን መኪና ሊያስቆም። ከበሩ ሳይደርስ ትንፋሿ ተቆራረጠ።

«አስቀምጠኝ የኔ ልጅ። ወገብህን ትጎዳለህ።»

«ትንሽ ነው የቀረን እማማ። አይዞሽ።»

«አባባህ ቢቆጣህ እንዳትቀየመው። ሒሳብ ነው፤ አንተ ምን ታደርግ።»

እውነቱን ሊነግራት አፉን ከፈተ። አልወጣለትም። እቅፉ ውስጥ እንዳለች አረፈች።

መልሶ ቢሮው አግዳሚ ላይ አስተኛትና ጃኬቱን አለበሳት። የጠረጴዛው ስልክ ጮኸ።

«ልጄ፣ በሰላም ደርሰናል። እማማ እንዴት ነች?»

«ተኝታለች አባባ።»

«ጎሽ፤ አትቀስቅሳት። አንተ ካለህላት እኔ ምን አሳሰበኝ።»

ስልኩን አስቀመጠ። መታወቂያውን ቀዳዶ ጣለና ወጣ። በመጀመሪያው አውቶቡስ፣ በሁለት የማያውቃቸው ሰዎች መሃል ተጣቦ ተቀመጠ። በስተቀኙ ያለው ሰውዬ ምን እንደሚሠራ ጠየቀው።

«ሥራ እየፈለግኩ ነው፤» አለ።

እንባው ግን አልቆም አለው። ሰውየው ደንግጦ ወደ መስኮቱ ዞረ።