የሐያት አስታማሚ

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሴት አይደለሁም፣ ሰው «ድምፅ ሰማሁ፣ ጥላ አየሁ» ሲል «እንቅልፍ አጥተህ ነው» ብዬ የምስቅ ነኝ፣ ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ባቋርጥም ሞኝ አይደለሁም፣ ይህን ግን በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁት፣ በቀን፣ በፀሐይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የአስርን ሰላት ሰግጄ፣ ወላሂ አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

የሆስፒታሉ ድራማ ያን ጊዜ ገና በሬድዮ ነበር፣ ቅዳሜ ከሰዓት። እዚህ ቡታጅራ በእኛ ሰፈር ደህና ሬድዮ ያለው እኔ ቤት ስለነበር ሴቶቹ የሚቀነጥሱትን የማረቆ በርበሬ በማዳበሪያ እየያዙ እኔ ግቢ ይመጣሉ፣ ክብ ሠርተን እየቀነጠስን፣ እያስነጠስን እናዳምጣለን። ሲጀምር ሁልጊዜ አንድ ነው፣ በሽተኛ የሚገፋበት አልጋ ጎማው ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ነጠላ ጫማ ኮሪደሩ ላይ ጧ ጧ ይላል፣ ከዚያ ሲስተር አበራሽ በማይቸኩለው ድምጿ «የእከሌ አስታማሚ!» ብላ ትጣራለች። እኛም ውሸት መሆኑን ረስተን ለበሽተኛው «አላህ ያሽረው» እንላለን፣ አሚን የምትልም አለች።

ልጄ ሐያት ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ጉልበቴን ተደግፋ ታዳምጥና «እማ፣ ሲስተር አበራሽ ምን ትመስላለች?» ትለኛለች።

«እኔን» እላታለሁ።

«እሺ፣ አንቺን ትምሰል» ብላ ትስቃለች። እመኑኝ፣ እኔም በሐሳቤ የራሴን ፊት ነበር የሰጠኋት።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ «ውድ አድማጮቻችን፣ ከእንግዲህ በቴሌቪዥን እንገናኛለን» አሉና በዚያው ጠፉ። ጎረቤቴ ዘይነባ ደግሞ ወንድሟ ከሳዑዲ የላከላት በር የሚያክል ቴሌቪዥን አላት፣ ደግ ሴት ናት፣ ልጅ አልወለደችም። ሴቶቹ በርበሬያቸውን ይዘው ወደ እሷ ዞሩ።

«የሐያት እናት፣ ነይ እንጂ! ሲስተር አበራሽን በዓይንሽ እያት፣ እንዴት ያለች መቃ መሰለችሽ!» አለችኝ ከድጃ፣ ከሁላችን ምላሰኛዋ።

«ቴሌቪዥን ዓይኔን ያመኛል» አልኳት። ዓይኔ ምንም አልሆነ፣ ቅናት ነው፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

ሐያትም ሄደች። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታ መጣች።

«ማን ሠራሽ?»

«አክስቴ ዘይነባ።»

አክስቴ! የገዛ እህቴን በስሟ የምትጠራ ልጅ፣ ለዘይነባ ሲሆን አክስቴ። ያን ማታ እራት አልበላሁም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በቀጣዩ ቅዳሜ ብቻዬን ግቢ ውስጥ ተቀምጬ እቀነጥሳለሁ፣ ሬድዮው ከኋላዬ መስኮቱ ላይ ነው፣ የባትሪ ድንጋዮቹን ትንሽ ነፍስ ይዝሩ ብዬ አውጥቼ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አስጥቻቸዋለሁ፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ከአጥሩ ወዲያ የሴቶቹ ሳቅ ይመጣል፣ የልጄን ሳቅ ለይቼ እሰማለሁ፣ በሆዴ «ያንን ቴሌቪዥን እሳት ይብላው» እላለሁ።

መጀመሪያ ሲጥ ሲጥ የሚል ነገር ሰማሁ፣ የባጃጅ ፍሬን መሰለኝ። ቀጥሎ ነጠላ ጫማ፣ ጧ፣ ጧ። ከዘይነባ ቤት ነው አልኩ፣ ግን ድምፁ ከአጥሩ በኩል አይደለም፣ ከጀርባዬ ነው። ዞር አልኩ። ሬድዮው እዚያው ነው፣ የድንጋዩ ማስገቢያ ባዶውን አፉን ከፍቶ።

«የሐያት አስታማሚ!» አለች ሲስተር አበራሽ።

እኛ ዘንድ የማይታይ ሰው ሲጣራ አቤት አይባልም። እናቴ ጠሪውን ሳያይ አቤት ያለ ይወሰዳል እያለች ነው ያሳደገችን፣ ባላምንበትም ከልጅነት የተያዘ ነገር አይለቅም፣ አፌን ገጠምኩ።

«የሐያት አስታማሚ የለችም?»

ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ። ከንፈሬን ነከስኩ፣ በርበሬ ያለበትን እጄን አፌ ላይ መጫኔን ያወቅሁት ሲያቃጥለኝ ነው።

«የሐያት አስታማሚ! ለመጨረሻ ጊዜ ነው።»

«አቤት፣ እኔ ነኝ!» አለች ሌላ ሴት፣ እዚያው ሬድዮው ውስጥ። ድምፁን አወቅሁት። ዘይነባ ናት።

«ነይ፣ ግቢ» አለቻት ሲስተር አበራሽ፣ በር ተዘጋ፣ ከዚያ ጭጭ።

ዘይነባ ቤት እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፣ አንድ እግሬ ባዶ ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ነው፣ ሴቶቹ ይቀነጥሳሉ፣ ሐያት የዘይነባን ጉልበት ተደግፋ ቆሎ ትበላለች፣ ደህና ናት፣ ምንም አልሆነችም።

«ሐያት፣ ተነሺ!»

«ምን ሆንሽ የሐያት እናት? እሳት ተነሣ እንዴ?» አለች ዘይነባ።

ከድጃ በሳቅ ፈረሰች፣ «ዛሬስ አብራችሁ ነው ያበዳችሁት! ይቺም አሁን ማንም ሳይጠራት አቤት፣ እኔ ነኝ ብላ ጮኸች፣ ለሳሙና!»

«ጠርተውኛላ!» አለች ዘይነባ እሷም እየሳቀች፣ «ሁለቴ ሰምቼ ዝም አልኩ፣ በሦስተኛው ግን ማንም አቤት የሚል ሲጠፋ...» ሳቋ እዚያ ላይ ቆመ፣ እጇ የልጄ ራስ ላይ ነበር፣ ቀስ ብላ አነሣችው። ማን ብለው እንደጠሯት አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም።

በማግሥቱ ሐያትን ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፣ መረመሯትና «ልጅሽ ምንም የላትም፣ አንቺ ግን ግፊትሽን ተለኪ» አሉኝ። ሼኽ ጠርቼ ቁርኣንም አስቀራሁላት። ይኸው ዓመት አለፈ፣ ትሮጣለች፣ ትበላለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜም እዚያው ትሄዳለች፣ ብከለክላት ታለቅሳለች። እኔ ግን አንዱን ለይቼ ማወቅ አቃተኝ፣ አቤት ያለች የምትወሰድ ከሆነ ፍርሃቱ ለዘይነባ ነው፣ እናት ተጠርታ ዝም ካለች ልጇ ለሌላ የምትሰጥ ከሆነ ግን ለእኔ ነው። አንዳንዴ፣ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ የመጀመሪያው በሆነ እላለሁ። ልጄ ትንሽ ስታስል ግንባሯን ከመንካቴ በፊት የግቢውን በር እዘጋለሁ፣ ዘይነባ እንዳትሰማ።

ባለፈው ሳምንት ልብስ እያጠብን እንደ ቀልድ አድርጌ ጠየቅኳት፣ «ሐያት፣ ብትታመሚ ማን ያስታምምሽ?»

«ኧረ እማ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?» ብላ ሳቀች።

ሳቋን ጨርሳ ልብሱን ማሸት ቀጠለች። እኔም ደግሜ መጠየቅ ፈራሁ።