የጄሶው ኬክ

ጦርነቱ በገባ በሦስተኛው ዓመት፥ ዝናቡ አባርቶ ጭቃው መድረቅ በጀመረበት ሰሞን፥ ወንዝ ዳር በተቆረቆረችው የአውራጃ ከተማ አደባባይ አዋጅ ተለጠፈ፤ ስኳር ለወታደርና ለቁስለኛ ብቻ እንዲውል፥ በሠርግ ኬክ ላይ ነጭ የስኳር ልባስ ያደረገ ጋጋሪም ምድጃው እንዲታሸግ ያዛል። አገረ ገዥው በዚህ አላበቁም፤ ሕዝብ በተሰበሰበበት በአደባባዩ ደረጃ ላይ ቆመው፥ «የገዛ ልጄም ብትሆን የጄሶ ኬክ ነው የምትቆርሰው» ብለው ማሉ። ተጨበጨበላቸው።

በዚያ ዘመን ጋጋሪዎች አበባ የተቀረጸበት፥ ባለ ሦስት ደርብ የጄሶ ክዳን ሠርተው፥ ጠቆር ያለውን ደረቅ ኬክ ከሥሩ ይደብቁ ነበር፤ ከክዳኑ ጀርባ ቢላዋ የምታስገባ ስንጥቅ ነበረች፤ ሙሽሮቹ በእሷ አስገብተው የቆረሱ መስለው ፎቶ ይነሳሉ፤ ከዚያ ጄሶው ተነሥቶ ወደ ሌላ ሠርግ ይሄዳል። ነጭ ካልሆነ ሠርግ አይመስልማ! በጥንት ጊዜ በሙሽራ ራስ ላይ የሚቆረሰው ተራ ዳቦ ነበረ፤ ውለጂ፥ ክበጂ ለማለት። ነጩ ስኳር የመጣው ኋላ ነው፤ ጌቶች ሀብታቸውን ሊያሳዩበት ደረቡት፤ ውድነቱ ተረሳና ንጽሕና ተባለ። የባለጠጋ ጉራ ሲያረጅ እንዲህ ነው፤ ስሙን ቀይሮ ይከበራል።

የከተማዋ ጄሶ የእትዬ ዱቄት ነበረ። እትዬ ዱቄት ባሏን ቀብራ ዳቦ ቤቱን ለብቻዋ የያዘች ጋጋሪ ናት፤ ስሙ የወጣላት ቅንድቧ ሳይቀር ነጭ ሆኖ ስለሚውል ነው። አንድ ልጇን ለባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ልትድር ነበረ፤ ሙሽራው በሠርጉ ማግስት ይዘምታል። በኬክ ሠርግ ደግሞ የላይኛዋ ደርብ አትበላም፤ ለመጀመሪያው ልጅ ስም መውጫ ትቀመጣለች። የስኳር ልባስ ካላት ዓመት ትቆያለች፤ ጄሶ ሥር ያደረች ግን በሳምንቷ ትሻግታለች። እናትየው ያቺ ደርብ ከተቀመጠች ሙሽራው ከዘመቻ ተመልሶ ይቆርሳታል ብላ አመነች። ምን ይደረግ፤ የሚታመን ነገር በጠፋበት ጊዜ ሰው ኬክም ያምናል። ስለዚህ ከአዋጁ በፊት ዓመቱን ሙሉ መራራ ሻይ እየጠጣች የራሽን ስኳሯን በሰማያዊ ቆርቆሮ አጠራቀመች።

አዋጁ በወጣ በሳምንቱ የአገረ ገዥው እልፍኝ አስከልካይ ዘበኞች አስከትሎ መጣና ቆርቆሮውን «ለቁስለኞች» ብሎ ወሰደ። ብዙ ሳይቆይ ዐይኑን በጨው አጥቦ ተመለሰ፤ ያንኑ ሰማያዊ ቆርቆሮ ከካባው ሥር አወጣ።

«ቅዳሜ የክቡርነታቸው ልጅ ትዳራለች» አለ። «ባለ ሦስት ደርብ፥ በእውነተኛ ስኳር ሥሪ። አዳራሽ ውስጥ ጄሶውን ለፎቶ እናቆማለን፤ ጋዜጠኛው ሲሸኝ እንግዶቹ የስኳሩን ይበላሉ።»

እትዬ ዱቄት ቆርቆሮዋን አየችው። «ቁስለኞቹስ፥ ጌታዬ፥ ዳኑ?»

«ነገር አታብዢ። ምድጃሽን ትወጂው የለም?»

«የእኔም ልጅ የምትዳረው ቅዳሜ ነው። ጄሶውንም ከወሰዱብኝ ምን ላቁምላት?»

«ባዶውን ትቁረስ። ጊዜው የጦርነት ነው» ብሎ ወጣ።

እንግዲህ ፍረዱ! ስኳሯን ቀሟት፥ በገዛ ስኳሯ አሠሯት፥ ውሸቷን እንኳ አልተዉላትም። እትዬ ዱቄት ደሟ እንደ ፈላ ሁለት ኬክ ጋገረች፤ የአገረ ገዥውን በነጭ ልባስ ቀባች፥ የልጇን ራቁቱን ተወች።

ቅዳሜ የጄሶው ሣጥንና የኬኩ ሣጥን ወደ አገረ ገዥው ግቢ ተጫኑ። በአዳራሹ ሙሽራይቱ ጄሶውን ቆረሰች፤ የፎቶ ማንሻው አምፖል ብልጭ አለ፤ ተጨበጨበ። ጋዜጠኛው ግን ሆዱን የሚወድ ሰው ነበርና አልሄድ አለ። እንግዳው ሲቁነጠነጥ ሁለተኛው ሣጥን መጣ፤ ከውስጡ የወጣው ጥቁር፥ ራቁቱን የተጋገረ ኬክ ነው። አገረ ገዥው በአደባባይ ምለዋል፤ ምን ሊሉ? ስኳሬ የት ሄደ ብለው በጋዜጠኛ ፊት አይጮኹ! ጥርሳቸውን ነክሰው ፈገግ አሉና፥ «እንደ ሕዝባችን እንብላ» አሉ። እሰይ።

በዚያው ሰዓት በዳቦ ቤቱ ጓዳ ነጩ ባለ ሦስት ደርብ ቆሞ ነበር። ዓመት የስኳር ልባስ ያልቀመሱ ጎረቤቶች ጣታቸውን ይልሳሉ። እትዬ ዱቄት የላይኛዋን ደርብ በጨርቅ ጠቅልላ አስቀመጠች።

«እማማ፥ እሷ የማን ናት?» አለ ሙሽራው።

«የልጅህ። መጥተህ አንተው ትቆርስለታለህ።»

ሰኞ ጠዋት ምድጃው ታሸገ፤ ክሱ የወታደር ስኳር መስረቅ ነበረ። ጄሶውም በዚያው ግቢ ቀረ። እትዬ ዱቄት በቁስለኞች ሆስፒታል ልብስ አጣቢ ሆነች፤ እዚያ ስኳር የሚባል ነገር ደርሶ አያውቅም ነበር። ሙሽራው አልተመለሰም። ሴት ልጁ ተወለደች፤ ደርቧን አያቷ ቆረሰችላት፤ ልባሱ አልሻገተም ነበረ።

ጋዜጣው ስለ አገረ ገዥው ራስን መካድ ሰፊ ዐምድ ጻፈ፤ በስማቸውም መንገድ ተሰየመ። ጄሶው ዛሬ በከተማዋ ሙዚየም በመስታወት ውስጥ ቆሟል፤ «አገረ ገዥው ከሕዝባቸው ጋር መከራን የተካፈሉበት» የሚል ጽሑፍ አለው። የእትዬ ዱቄት ስም የለም። ስኳሩን የበሉት ሞተዋል፤ የተበላ ነገር ደግሞ ለምስክርነት አይቀርብም። ጎብኚ ሁሉ ፊት ለፊቱ ቆሞ አበቦቹን ያደንቃል፤ ስንጥቋን ወደ ግድግዳው አዙረው ነው ያስቀመጡት።