ለሦስት የታጠፈ ብርጭቆ ወረቀት

የሙት መንፈስ ወሬ ሲነሳ «ሥራ ፈቶች!» ብዬ ከመሃል የምነሳ ሴት ነበርኩ፣ አሁንም አመንኩ አልላችሁም፣ የሆነውን ብቻ ልንገራችሁ።

ባለቤቴ ጌታሁን ሲያትል ውስጥ ታክሲ ሲነዳ፣ ሰው ደጃፉ ላይ አውጥቶ የተወውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ ጭኖ ይመጣ ነበር፣ እመኑኝ፣ ቢከን ሂል ሰፈር ያለው ጋራጃችን መኪና ገብቶበት አያውቅም። የመጨረሻው አንድ ትልቅ ቡፌ ነበር፣ «የመጻሕፍትሽ መደርደሪያ አደርግልሻለሁ» ብሎ ጀመረው፣ ሳይጨርሰው ሞተ።

ለሙት ዓመቱ ሳምንት ሲቀረው ታላቅ እህቱ እትዬ ዘውዴ፣ «ይሄ የሞተ ፈረንጅ ቡፌ ነው ወንድሜን የበላው! ዕቃ የሚያነሱትን ኮል አድርጊና ሰው ሳይመጣ አስወጪው» አሉኝ። እኔ ደግሞ እንዲህ ሲሉኝ እልህ ይይዘኛል፣ ራሴ ልጨርሰው ብዬ እጅጌዬን ሰብስቤ ጋራጅ ገባሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ይዘንባል። ጌታሁን ሁልጊዜ «ከእንጨቱ መስመር ጋር!» እያለ የሚቆጣኝን ረስቼ፣ የቡፌውን ጎን በብርጭቆ ወረቀት አግድም ፈተግኩት፣ ድመት የቧጨረው መሰለ። የእሱን እጅ ሥራ አበላሸሁ ብዬ ዕንባዬ ሲመጣ ኩሽና ያለው ስልክ ጮኸ፣ ገብቼ አነሳሁት፣ እትዬ ዘውዴ ናቸው።

«አስወጣሽው?»

«አላስወጣም እትዬ። እንዲያውም ሳሎን ነው የማስገባው።»

«አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም እንዴ? ...ቆይ፣ ማነው የሚፍቀው?»

እኔም ሰምቼዋለሁ፣ ከጋራጅ ነው፣ ሦስት ጊዜ ሸር፣ ሸር፣ ሸር፣ ከዚያ አቧራውን እፍ ማለት፣ ጌታሁን እንደዚያ ነበር የሚሠራው።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንቺማ ከእኔ ጋር እያወራሽ ነው!» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ሄድኩ፣ ማንም የለም፣ የውጪው በር እንደተቆለፈ ነው። የቧጨርኩት ጎን ለስልሷል፣ ወረቀቱም ለሦስት ታጥፎ ቡፌው ላይ ተቀምጧል፣ እኔ አጥፌው አላውቅም፣ የሚያጥፈው እሱ ነበር። ጮክ ብዬ፣ «ማንም ሁን ማን፣ ቡፌው ከዚህ ቤት አይወጣም!» አልኩ።

አልወጣምም። በሙት ዓመቱ መጻሕፍቴን ተሸክሞ ሳሎን መሃል ዋለ፣ እትዬ ዘውዴ ጀርባቸውን ሰጥተውት ተቀመጡ።

አንዱን መሳቢያ ግን ሳልፍቀው ጋራጅ ተውኩት፣ አጠገቡም አዲስ ብርጭቆ ወረቀት ዘርግቼ አስቀመጥኩ፣ የጀመረውን ራሱ ይጨርስ ብዬ ነው።

ትናንት ሳየው ወረቀቱ ለሦስት ታጥፏል። መሳቢያው ግን አልተነካም፣ «ይሄን አንቺ ጨርሺው» ያለኝ መሰለኝ።