ምዕራፍ አራት ላይ ያለችው ሴት

ተመራማሪዋ የተገደለችው ቢሮዋ ውስጥ፣ በገዛ ወንበሯ ላይ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሩን ከፍቶ ያገኛት ባሏ ነበር።

እጆቿ በኮምፒውተር ገመድ ከወንበሩ ጋር ታስረዋል። የቀኝ እጇ ሦስት ጣቶች ወደ ኋላ ተሰብረዋል። አንገቷ ዙሪያ ሰንበር አለ። ከንፈሯን ነክሳ በጥሳዋለች።

ኢንስፔክተሯ ጣቶቹን እያየች ብዙ ቆየች። ስታስብ ስለማትናገር ባልደረቦቿ «ዲዳ» ይሏታል፤ እሷም ስሙን እንደ ማዕረግ ለምዳዋለች።

«ለመግደል ብቻ የመጣ ሰው ጣት ምን ያደርግለታል?» አለች በመጨረሻ። «ሲጠይቃት ነበር።»

«ነግራው ይሆን?» አለ ሳጅኑ።

«አንዷን ሰብሮ መልስ ቢያገኝ ሁለተኛዋን አይነካም ነበር።»

ሳጅኑ ባልየውን በካቴና ይዞታል። ሸሚዙ ደም በደም ነው፤ ደግሞስ ሚስት ስትሞት ባል መጠርጠሩ ወግ ነው።

«ትናንት ተጣልታችኋል?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«አዎ።»

«በምን?»

«ይቅርብሽ ብያት። ሰው አሻጋሪ ላይ ጥናት ጽፎ በሰላም የሚያድር የለም አልኳት። ማንን እንዳነጋገረች እንኳ አትነግረኝም። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ስም ከአፏ አልወጣም።»

ነርስ ነው። ማታውን ተረኛ እንደነበር ሆስፒታሉ አረጋገጠ፤ ደሙም ሊያነሳት ሲታገል የነካው ነው። ካቴናው ተፈታ።

ጥናቱ ድንበር ተሻጋሪ ወንጀልን የሚመለከት የዶክትሬት ሥራ ነበር። ሃያ ሁለት ምስክሮች አሉት፤ ሁሉም የሚጠሩት በቁጥር ነው። የስማቸው ዝርዝር በወረቀትም በኮምፒውተርም አልተገኘም። ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛው ሞታለች። ከጠረጴዛዋ ላይ ከነበረው ረቂቅ የጠፋው ምዕራፍ አራት ብቻ ነው።

ስድስት ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። አውቶቡስ ተራ አጠገብ አንዲት ጨርቅ ሻጭ በጩቤ ተወግታለች።

ሴትዮዋ ሆስፒታል አልጋ ላይ ናት። አንገቷ ተሰፍቷል፣ ሁለቱም ክንዶቿ ተጠቅልለዋል። ግራ ጉንጯ ላይ የልጅነት ጠባሳ አለባት።

«‹ለተመራማሪዋ ምን ነገርሻት?› ይለኛል፣ ይወጋኛል» አለች። «እህቴ፣ እኔ ተመራማሪ የሚባል በዓይኔ አይቼ አላውቅም።»

«ፊቱን አየሽው?»

«ተሸፍኗል። እጁን ግን ነክሼዋለሁ። እስከ አጥንቱ ድረስ።»

ኢንስፔክተሯ ከዚያ በቀጥታ የጥናቱ አማካሪ ወደ ነበረው ፕሮፌሰር ሄደች። ባለፈው ሳምንት ከሟቿ ጋር ሲጯጯሁ ፎቁ ሁሉ ሰምቷቸዋል። ሁለቱም እጆቹ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፤ ንክሻ የለባቸውም።

«ምዕራፍ አራት ምን ይላል?»

«ሰባተኛዋ ምስክር የተናገረችው ነው። ሰው የጫነ የጭነት መኪና ፍተሻ መጣ ሲባል ከአሻጋሪዎቹ ጋር የሚሠራው የድንበር ኬላ አዛዥ ጓሮ አስቆመው። ውስጥ ያሉት ግድግዳውን እየደበደቡ ይጮሃሉ። እንዳይጋለጥ ብሎ በሩን ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አስቆለፈው። አስራ ዘጠኝ ሰው ሞተ። አንድ ተረፈ።»

«ሰባተኛዋ ምስክር ማናት?»

«አውቶቡስ ተራ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ጉንጯ ላይ ጠባሳ ያለባት...» ቆም አለ። «ያ እውነት አይደለም። በእኛ ሥራ የምስክሩ ጾታ፣ ሥራ፣ መልክ ይቀየራል። ጀማሪ ተማሪ እንኳ ያውቀዋል።»

«እንዲህ ያለች ሴት ግን አለች። ዛሬ ተወግታለች።»

ፕሮፌሰሩ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «መልኩን መንገድ ላይ ካየቻት ሰው ተውሳ ይሆናል። የእውነተኛ ሰው መልክ አትውሰጂ፣ ፍጠሪ ብዬ የጮህኩባት ለዚህ ነበር።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው። ረቂቁን ያነበበና የሙያውን ወግ የማያውቅ ሰው ነው ሴትዮዋን የወጋት።

«ካንተ ሌላ ማን አንብቦታል?»

«አንድ ሰው ብቻ። ስለ ጸጥታ ጉዳዩ አስተያየት እንዲሰጥ ዩኒቨርሲቲው የመረጠው ኮማንደር።»

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻዋን ዘጋች። ኮማንደሩ ፖሊስ ኮሌጅ አስተምሯታል፤ ምርመራ ምን እንደሆነ ያሳያት እሱ ነው። ድንበር ላይ በኬላ አዛዥነት ስንት ዓመት እንዳገለገለ ልቧ ያውቀዋል።

ሳጅኑን በር ላይ አቁማ ቢሮው ስትገባ ፈገግ ብሎ ተቀበላት። ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ።»

«እጅዎን ምን ሆኑ ጌታዬ?»

«የጎረቤት ውሻ ነው።»

«ውሻዋ ሆስፒታል ናት። አልሞተችም።»

ፈገግታው ጠፋ።

«የተሳሳተች ሴት ነው የወጉት» አለች። «ምስክሩ እሷ አይደለችም። ያነበቡት ሽፋን ነበር።»

ኮማንደሩ በግራ እጁ መሳቢያውን ሳበ። የሽጉጡን እጀታ ሲይዝ ኢንስፔክተሯ መሳቢያውን በእግሯ መትታ ጣቶቹ ላይ ዘጋችው። አጥንት ሲሰበር ተሰማ። በፋሻ በተጠቀለለው እጁ ጉሮሮዋን አንቆ ከግድግዳው ጋር አጋጫት፤ ዓይኗ እስኪጨልም አልለቀቃትም። ሳጅኑ በሩን በርግዶ ገባና በካቴናው ማጅራቱን አለው።

ከሽጉጡ ሥር ምዕራፍ አራት ተገኘ፤ የጠርዙ ደም ደርቋል።

ኮማንደሩ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ዐቃቤ ሕጉ በማግስቱ ቁርጡን ነገራት። ለግድያውና ለመውጋቱ ማስረጃ ሞልቷል። ለአስራ ዘጠኙ ሬሳ ግን ስም የሌለው ወረቀት ፍርድ ቤት አይቆምም። ኢንስፔክተሯ ተናደደች፤ ጣቷ እስኪሰበር ዝም ባለችው ሴትም ሳይቀር ተናደደች፣ ወዲያው ደግሞ አፈረች።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ጣቢያ መጣ። ሰዓት ጠጋኝ ነው።

«ያቺ ጋዜጣ ላይ ያነበብኳት ጨርቅ ሻጭ እንዴት ናት?» አለ።

«ትድናለች። ምኗ ነዎት አባቴ?»

«ምኗም አይደለሁም። በእኔ ምክንያት ነው የተወጋችው።» ባርኔጣውን አወለቀ። «መኪናው ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ። ልጄም ነበረ። እሱ አልወጣም።»

ኢንስፔክተሯ እስክሪብቶ አነሳች፤ ግን አልጻፈችም። «ያ ሰው ወዳጆች አሉት። ስምዎን አንዴ ከጻፍኩት ልደብቅዎ አልችልም።»

«ተመራማሪዋን ስሜን እንዳትናገሪ ብዬ አስምያት ነበር። ቃሏን ጠበቀች» አለ ሽማግሌው። «መሐላውን የምፈታው እኔ ነኝ። ጻፊ ልጄ።»

ስሙን ከአባቱና ከአያቱ ስም ጋር ነገራት። ቀጥሎ፣ ሳትጠይቀው፣ የልጁን ነገራት።