የቁጡ ወላጅ ፈተና

ፕሮፌሰሩ በጀርባቸው እንደተንጋለሉ ተገኙ። ግንባራቸው ወደ ውስጥ ገብቷል፤ አንድ ዓይናቸው ከቦታው የለም። ቀዩ የእሳት ማጥፊያ ራስጌያቸው ወድቋል። ቀለሙ ቀይ ስለሆነ ደሙ ቶሎ አይለይም ነበር፤ ታችኛው ጠርዝ ላይ የተጣበቀውን ሽበት ያየው ወጣት ፖሊስ ግን ኮሪደር ወጥቶ አስመለሰ። ግድግዳው ላይ «መሪ ያዳምጣል» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ደሙ እሱንም አልማረውም።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ ወንፊት ይሏታል። አጭር ናት፣ ሃምሳን አልፋለች፣ ሰው ታስወራና ገለባውን አንገዋላ ፍሬውን ታስቀራለች። ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቆሟል። እስከ አፉ ሙሉ ነው፣ ማንም አልቀመሰውም፤ በአንድ ጎኑ ግን የደም ፍንጥቅጣቂ ደርቆበታል። ጎንበስ ብላ የፕሮፌሰሩን ኮት አየች። ጫፉ ላይ የጠመኔ ብናኝ የነካቸው ትንንሽ መዳፎች ታትመዋል። ፕሮፌሰሩ ልጅ የላቸውም፤ በዚህ ተቋም ውስጥ ደግሞ በጠመኔ የሚጽፍ የለም።

ኮሪደሩ ላይ አንዲት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር በካቴና ታስራ ተቀምጣለች። ደሙ እስከ ክርኗ ደርሷል።

«ማን አሰራት?» አለች መርማሪዋ።

«እኔ ነኝ» አለ ወጣቱ ፖሊስ፣ አፉን እየጠረገ።

ምክንያት አላጣም። ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ክፍል ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ትምህርት ቤቴን ካስዘጉት እኔ ደግሞ የእርስዎን ትንፋሽ እዘጋለሁ» ብላቸው ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ፕሮፌሰሩ ለትምህርት ቦርዱ ባቀረቡት ጥናት ትምህርት ቤቷ ተማሪ ስለሌለው ይዘጋ ብለዋል። ቦርዱ ድምፅ የሚሰጠው ነገ ጠዋት ነው፤ እሷ ታስራ ካደረች የሚሟገትለት አይኖርም። ስለራሷ አንድም ቃል አልተናገረችም። የጠየቀችው ነገ ጠዋት ትፈታ እንደሆነ ብቻ ነው።

ተቋሙ ለትምህርት ቤትና ለማኅበረሰብ መሪዎች በትምህርት ፖሊሲ ሁለተኛ ዲግሪ የሚሰጥ ነው። ሳምንቱ የማጠቃለያ ፈተና ሳምንት ነበር። ከፈተናዎቹ ሁሉ ሰው የሚፈራው የቁጡ ወላጅ ፈተናን ነው። ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ትምህርት ቤት የተዘጋበትን ወላጅ ይሆናሉ፤ ይጮኻሉ፣ ይሳደባሉ፣ ጠረጴዛ ይደበድባሉ። ተፈታኙ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ማብረድ አለበት። ጩኸቱ ሲቆም አለፈ ማለት ነው። በአጠገቡ ባለው ክፍል ተራ የሚጠብቁት ታዲያ በስሱ ግድግዳ በኩል ያዳምጡና ያጨበጭቡለታል።

መርማሪዋ መጀመሪያ ያነጋገረችው ረዳት መምህሩን ነው። በዚህ ዓመት ከሌላ ከተማ የመጣ ወጣት ነው።

«ተራው የጋሽ ነጎድጓድ ነበር» አላት። «ፕሮፌሰሩ ሲጮኹ ሰማን፣ ድምፃቸውን እናውቀዋለን። ከሥር ዝግ ያለ ድምፅ አለ፤ የሁለቱም ቃል አይለይም። ከዚያ ጠረጴዛ ተመታ፣ ደጋግሞ። ከዚያ ጩኸቱ ቆመ።»

«ዝግ ያለውስ?»

«እሱ ትንሽ ቀጠለ። ጋሽ ነጎድጓድ አለፈ ብለን አጨበጨብን፤ እኔና ዳይሬክተሯ። በጓሮው በር የወጣ መሰለን። ከዚያ እሷ በተራዋ ገባች፣ ጥቂት ቆይታ ጮኸች፤ ስደርስ ጭንቅላታቸውን አቅፋ ነበር።»

ስለ ውሃው ጠየቀችው። በፈተናው ውስጥ ውሃ የሚባል ነገር የለም አላት። ተፈታኙ በመጀመሪያ የሚያደርገው የልጁን ስም መጠየቅ ነው። ድሮ ውሃ ይቀርብ ነበር ይባላል፤ አንዱ ብርጭቆውን በሰው ፊት ላይ ስለሰበረው ፕሮፌሰሩ በዚህ ዓመት ከለከሉ፣ ብርጭቆዎቹንም ቁም ሳጥን ውስጥ ከተቷቸው።

ነጎድጓድ የዳይሬክተሯ ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ በተቋሙም አብሯት የሚማር ነው። ስሙን ያወጡለት ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ሹክ ያለው ምስጢር ሦስተኛ ቤት ይሰማል። ፈተናው ክፍል ጨርሶ እንዳልገባ ማለ። ከሕንጻው ጀርባ ሆኖ ቀስ ብሎ መናገር ሲለማመድ እንደነበረ ነገራት። ወጣቱ ፖሊስ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ያን ጊዜ ነጎድጓድ ተነሣ።

«እህታችንን ፍቷት! እኔን እሰሩኝ!»

መስኮቱ የተንቀጠቀጠ መሰለ። ወንበሩ ላይ ጸጥ ብሎ የቆየ ሰው ከቦታው ተነሥቶ ከጠርሙስ ውሃ ቀዳና ነጎድጓድ እጅ አጠገብ አኖረለት።

«ይጠጡ ጋሼ» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «እንደማመጣለን።»

«ውሃ ምን ያደርግልኛል?» አለ ነጎድጓድ፣ ግራ ገብቶት።

ሰውየው ሱፐርቫይዘሩ ነው። የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች ይቆጣጠራል፤ ከስድስት ዓመት በፊት ከዚሁ ተቋም በማዕረግ ተመርቆ አሁን በፈታኝነት ይጋበዛል። ለፕሮፌሰሩ ጥናት ተማሪዎቹን የቆጠረውም እሱ ነው። በጊዜው ፎቅ ላይ ቢሮ ውስጥ እንደነበረ፣ ምንም እንዳልሰማ ለመርማሪዋ ተናገረ። ሙቀቱ መስኮት ሁሉ ያስከፈተ ነበር፤ እሱ ግን የጃኬቱን ዚፕ እስከ አገጩ ዘግቷል። ድምፁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ልክ ነበር። እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ቢኖር ስንት ጠብ በበረደ ነበር።

መርማሪዋ የግቢውን ዘበኛ አነጋገረች፣ ከሐኪሙ ጋር በሹክሹክታ ተማከረች፣ ወደ ዳይሬክተሯ ትምህርት ቤትም ስልክ ደወለች። ከዚያ ሁሉንም ተራ ይጠበቅበት ወደነበረው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ዳይሬክተሯ ካቴናዋ አልተፈታም።

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» አለች መርማሪዋ። «እኔ ከብርጭቆው እጀምራለሁ። ሙሉ ነው፤ ውጪው ላይ ደም ተፈናጥቋል። ስለዚህ የቀረበው ሳይመቱ በፊት ነው። ለሚጮኽ ሰው ውሃ አቀረቡለት፤ ከዚያ ጭንቅላቱን ፈረከሱት። ውሃውን የቀዳው ገዳዩ ነው።»

ከዚያ ወደ ስሱ ግድግዳ በእጇ አመለከተች።

«እናንተ የሰማችሁት ፈተና መስሏችኋል። ተፈታኙ ጋሽ ነጎድጓድ ነበር፤ እሱ ደግሞ አልገባም። ዘበኛው ዛፍ ሲያባብል አግኝቶት ድምፅህን ቀንስ እያለ ሲለምነው ነበር። ተፈታኝ ከሌለ ፈተና የለም። ጩኸቱ የእውነት ነው። ተመታ ያላችሁት ጠረጴዛም ጠረጴዛ አልነበረም።»

ረዳት መምህሩ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ፕሮፌሰሩ የተገደሉት እናንተ እዚህ ተቀምጣችሁ እየሰማችሁ ነው። እንግዲህ እዚህ የነበሩት ሁለቱ ንጹሕ ናቸው። ለተቆጣ ሰው ውሃ መቅዳት ደግሞ የዘንድሮ ሠልጣኝ አያውቅም፤ ብርጭቆዎቹ የት እንዳሉም አያውቅም። በፈታኝነት የሚመላለስ የድሮ ሠልጣኝ ግን ያውቃል። ከልምዱ የተነሣ ሳያስበው ያደርገዋል። ዛሬ ጋሽ ነጎድጓድ ሲጮኽ ዓይኔ እያየ ያደረገው አንድ ሰው ነው።»

ሱፐርቫይዘሩ ፈገግ አለ። «ውሃ መስጠት ወንጀል ከሆነ እሰሩኝ፣ ኢንስፔክተር።»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ፕሮፌሰሩ ዛሬ ጠዋት ለማንም ሳይናገሩ ወደ እሷ ትምህርት ቤት ሄደዋል። የአንደኛ ክፍል አስተማሪዋ በስልክ ነግራኛለች። ባዶ ነው ያልካቸው ክፍል ውስጥ ልጆቹ አራት አራት ሆነው ይቀመጣሉ፣ የተረፈው መሬት ላይ ነው። ኮታቸውን ይዘው አልለቅም አሏቸው። አንተ የትምህርት ቢሮ ኃላፊነት የተቃረበልህ ትምህርት ቤት እያስዘጋህ ወጪ ስለምትቀንስ ነው። ነገ ቦርዱ ፊት ሐሰተኛ ቁጥር ሰጠኝ ሊሉ ነበር። አሁን ጃኬትህን ክፈት።»

እጁ ወደ ዚፑ ሄደ፣ ግማሽ ድረስ አወረደው። ውስጡ ያለው ሸሚዝ ነጭ የነበረ ሸሚዝ ነው።

ከዚያ ወንበሩን አንሥቶ መርማሪዋን ትከሻዋ ላይ መታት። አጥንቷ ሲሰበር ሁሉም ሰማ። ወጣቱ ፖሊስ ሽጉጡን እስኪያወጣ ሱፐርቫይዘሩ ዳይሬክተሯ ላይ ወድቆ አንገቷን በሁለት እጁ ያዘ። እጇ ታስሯል፤ መታገል አልቻለችም። ፊቷ ሲጠቁር እሱ በዚያው በለሰለሰ ድምፁ «ተረጋጊ፣ ተረጋጊ» ይላት ነበር። ነጎድጓድ በፀጉሩ ጎትቶ አነሣው፣ ፊቱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጋጨው፣ ክንዱን ጠምዝዞ ሰበረው። ያን ሁሉ ሲያደርግ አንድ ቃል አልተናገረም።

ካቴናው ከእሷ ወጥቶ ለእሱ ገባ። መርማሪዋ የተሰበረ ትከሻዋን ይዛ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። አስተማሪዋ ነገ ጠዋት ቦርዱ ፊት ቀርባ እንደምትናገር፣ ትምህርት ቤቱ የሚዘጋበት ምክንያት እንደሌለ ለዳይሬክተሯ ነገረቻት። ዳይሬክተሯ የሰማች አትመስልም። አንገቷ ላይ የጣት ምልክት እየቀላ ሱፐርቫይዘሩን ታየዋለች።

«ምን እያሉ ነበር የሚጮኹት?» አለችው።

ደሙን ተፋ። ለመዋሸት ምክንያት አልቀረውም።

«‹ልጆቹ አሉ› ነበር የሚሉት። ‹እሷ እውነቷን ነው፣ ልጆቹ አሉ።› በኋላ ደግሞ የአንቺን ስም ጠሩ። ከግድግዳው ወዲህ መሆንሽን ያውቃሉ። እናንተ ስታጨበጭቡ ነው የዳንኩ የመሰለኝ።»

ወሰዱት። ዳይሬክተሯ ወደ መርማሪዋ ዞረች።

«መጀመሪያ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ» አለች። «ያን ጊዜ ሞተው ነበር? እባክሽ እውነቱን።»

መርማሪዋ ሐኪሙ የነገራትን አስታወሰች። ልትዋሽላት ፈልጋ ነበር፤ ሥራዋ አላስለመዳትም።

«አልሞቱም ነበር» አለቻት። «ደሙ ነው ያፈናቸው። ከጭብጨባው በኋላ ትንሽ ቆይተዋል።»

ዳይሬክተሯ ጮኸች። እስከ ጎዳናው የተሰማ ጩኸት ነበር፣ ሲቆም እንደገና ይጀምራል። በክፍሉ ውስጥ ከቀሩት ሁለቱ የተቆጣና ያዘነ ሰው ማረጋጋትን ዓመቱን ሙሉ አንዱ ሲማር አንዱ ሲያስተምር የከረሙ ናቸው። አንዳቸውም አልሞከሩም።