«ተቀብለናል» የሚለው ፎቶ

ዛሬም ድረስ ሳስበው ደሜ ይፈላል። ፋርማሲ አምስት ዓመት ተምሬ፣ የመመረቂያ ጽሑፌን ቀነ ገደቡ ሁለት ቀን ሲቀረው በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ አስገብቼ፣ «አላስገባሽም» ተባልኩ። ስሜ ከተመራቂዎች ዝርዝር ወጣ። የሬጅስትራር ሠራተኛዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ሲስተሙ ላይ የለም» አለችኝ።

ከሰስኳቸው። ልብስ ሰፊው አባቴ «እናቴ፣ ከትልቅ ጋር አትጋፊ» አለኝ፤ አልሰማሁትም። ጠበቃዬ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰችብኝ።

«ከሳሽ አንቺ ነሽ፤ ማስረዳቱም ያንቺ ፋንታ ነው። ምን አለሽ?»

ድረ ገጹ ጽሑፍ ሲቀበል «ተቀብለናል» የሚለውን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ለአፍታ ያሳይና ያጠፋዋል። ደረሰኝ የሚባል ነገር አይልክም። ስለዚህ የተማሪ ሁሉ ልማድ ስክሪኑን በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው። እኔም አንስቼ ነበር፤ ስልኬ ግን በሳምንቱ ባልዲ ውስጥ ገብቶ ከነፎቶው ሞተ። ፎቶውን የላክሁት ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ያ ሰው የዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ተማሪዎች «ሰርቨሩ» እንለዋለን፤ አንድ ነገር ሲጠይቁት መልሱ እስኪመጣ ያስጠብቃላ። የይለፍ ቃሌ ጠፍቶብኝ ቢሮው የሄድኩ ዕለት፣ አዲሱን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ሲሰጠኝ ዓይኑን ከዓይኔ መንቀል አቃተው። እኔም አልቸኮልኩም። ዓመት ከመንፈቅ ተዋደድን፣ ግን በድብቅ። ተማሪ የወደደ ሠራተኛ ይባረራል፤ ደንቡ ቢሮው በር ላይ ተለጥፏል።

ከቢሮው ጀርባ ያለው ደረጃ ላይ አገኘሁት።

«ፍርድ ቤት ቅረብልኝ» አልኩት።

ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አገላበጠው። ድሮ እንዲህ ማስጠበቁ ደስ ይለኝ ነበር።

«ፎቶውን ብቻ ልላክልሽ?»

«ፎቶ ማንም ይሠራዋል ብለዋል። የተቀበለው ሰው ከነስልኩ ይምጣ ነው የሚሉት።»

«ስልኬ ከተከፈተ የተጻጻፍነው ሁሉ ይታያል። እናቴን የማኖረው በዚህ ሥራ ነው፣ የኔ ቆንጆ።»

«ቆንጆ አትበለኝ! የአምስት ዓመት ልፋቴን ኪስህ ውስጥ ይዘህ እየዞርክ።»

ጥዬው ሄድኩ። ጠበቃዬ ስሙን በምስክር ዝርዝር አስገብታ መጥሪያ እናውጣበት ስትለኝ እምቢ አልኩ። በመጥሪያ ጎትቼማ አላመጣውም፤ የወደደኝ ከሆነ በእግሩ ይምጣ። ሦስት ወር የአባቴን ደንበኞች ቁልፍ ስተክል፣ መርፌው ጣቴን በወጋኝ ቁጥር እሱን ስረግም ከረምኩ።

ምስክር በሚሰማበት ቀን የዩኒቨርሲቲው ጠበቃ ኮቱን እያስተካከለ ተነሳ። «ከሳሽ አስገባሁ ከማለት በቀር ያቀረበችው ነገር የለም» አለ። ዳኛዋ ወደ እኛ ዞራ «ሌላ ምስክር አላችሁ?» ስትል የኋላው በር ተከፈተ። ሰርቨሩ ነው። ከስቷል። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞታል።

የችሎቱ ጸሐፊ ስልኩን ተቀብሎ ማንበብ ጀመረ። ቀኑን አነበበ፤ ሰዓቱን አነበበ፤ «ተቀብለናል» የሚለውን አነበበ። ከዚያ ቆም ብሎ ዳኛዋን አየ።

«ከሥሩ ላኪዋ የጻፈችው አለ።»

«ያንብቡት።»

«"ተገላገልኩ። አሁን ሙሉ በሙሉ ያንተ ነኝ። ናና ሳመኝ።"»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከኋላዬ የተቀመጠው አባቴ አጎንብሶ ጫማውን ያያል።

«ፍቅረኛዋ ነዋ!» አለ ጠበቃቸው። «ለምን አይዋሽላት?»

«እውነት ነው?» አለች ዳኛዋ።

ሰርቨሩ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያስጠብቅ መለሰ። «አዎ፣ እወዳታለሁ። ስልኩን ወስዳችሁ አስመርምሩት። ደግሞ በዚያ ሳምንት ሲስተሙ ተበላሽቶ መልሼ የጫንኩት እኔ ነኝ። የሦስት ቀን ጽሑፍ ጠፍቷል። አለቃዬ ዝም በል አለኝ፤ ዝም አልኩ።»

ይህን አላውቅም ነበር። በደስታ ፈንታ እንደ አዲስ ነደድኩ። ስልኩ ተመርምሮ ፍርዱ ለእኔ ሆነ፤ እሱ ግን በዚያው ሳምንት ከሥራ ተባረረ።

የፍርዱ ቀን ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጠበቅሁት።

«ስንት ነን ጽሑፋችን የጠፋ?»

«ካንቺ ሌላ አሥራ አንድ።» የታጠፈ ወረቀት ከኪሱ አወጣ። ስማቸው በሙሉ አለ።

«ይቅር አላልኩህም።»

«አውቃለሁ።»

«ለእያንዳንዳቸው ትመሰክራለህ። ከዚያ እንነጋገራለን።»

አሥራ አንዱንም መሰከረ፤ ሁሌም አጠገቡ ተቀመጥኩ። የመጨረሻዋ ልጅ የተፈረደላት ዕለት ወደ አባቴ ሱቅ አብረን ገባን። አባቴ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ የሰርቨሩን ትከሻ መለካት ጀመረ።

«ምን ሊሰፉልኝ ነው ጋሼ?»

«የሰርግ ልብስ ነዋ።»

«እኔ መች ይቅር አልኩት?» አልኩ።

«አንቺ ተቆጪ፣ እናቴ» አለ አባቴ፣ «እኔ ግን ልጀምር። ሰው ሁሉ ባለበት "ናና ሳመኝ" ሲነበብ ሰምቻለሁ፤ ሌላ ማስረጃ አልፈልግም።»