ከሾፌሩ ወንበር ይነሱ

እኔ የጂን ወሬ ሲጀመር ተነስቼ ጫማዬን የማጠልቅ ሰው ነኝ፣ ይህን አስቀድሜ ልንገርህ፣ ጂን መኖሩን ቁርአን ስላለ አምናለሁ፣ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ አትላንታ ቀይ መብራት ላይ ይቆማል ቢሉኝ ግን ሂዱ ወዲያ ነው የምለው። ፊደልም የቆጠርኩት ትንሽ ነው፣ ጽሑፌ ቢጣመም ታገሠኝ፣ ነገሩ ግን እንዳየሁት ነው።

እንድሪስ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። በልጅነቱ ኮምቦልቻ ጋሪ ይነዳ ነበር፣ እኔም የዚያው አገር ሰው ነኝ፣ እዚህ ከመጣን በኋላ ሁለታችንም ታክሲ ይዘን ኤርፖርት እየተሰለፍን ኖርን። ጋሪው ግን አልለቀቀውም፣ ቀይ መብራት ላይ ሲቆም በምላሱ ጧ ጧ ያደርጋል፣ ፈረስ እንደሚያስነሳ ሰው፣ እሱ ጧ ጧ ሲል ወዲያው አረንጓዴ ይበራል፣ እንዴት እንደሚያውቀው እንጃ፣ ፈረንጆቹ ተሳፋሪዎች ሳይቀሩ ይስቁ ነበር።

ከዚያ በስልክ የሚጠራው መኪና መጣ። እንድሪስ ሳይውል ሳያድር ታክሲውን ሸጦ እዚያ ገባ፣ እኔ እምቢ አልኩ፣ ስልክ ግባ ውጣ እያለ አያዘኝም ብዬ። አንድ ቀን ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ፣ የኛ ሾፌሮች ምሳ ከሚበሉበት ምግብ ቤት፣ ሰው ጢም ብሎ ሳለ፣ «ሰይዶ፣ አንተ እኮ ጀናዛዬ ላይም አትደርስም፣ ታክሲ ስትጠብቅ ሬሳዬ ያልፍብሃል» አለኝ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሳህኑን ገፍቼ ወጣሁ፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ሰላምታ እንኳ አልነበረንም።

ቀጥሎ ደግሞ ሾፌር የሌለው መጣ፣ አንተም ሳታየው አትቀርም፣ መሪው ብቻውን የሚዞረው። የእንድሪስ ሥራ ቀዘቀዘ፣ ስኳሩም ባሰበትና አልጋ ያዘ። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽህ። ሊጠይቀው የሚሄድ ሰው አገኘሁና፣ ወንበርህን ለማን አስረከብከው ብሎሃል በልልኝ ብዬ ላክሁበት፣ ሰውየውም ሳያስቀር ነገረው። እንድሪስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆየና፣ «ከወንበሬ ማንም አያስነሳኝም በለው» አለ አሉ።

በዚያው ሰሞን ሞተ። ለእኔ የተነገረኝ ጠዋት ነው፣ ዙሁር ላይ፣ በቀትሩ ሶላት፣ መስጊድ ይሰገድበትና ወዲያው ከከተማ ውጭ ወዳለው መቃብር ይወሰዳል ተባለ። እኛ ዘንድ ጀናዛው ከመነሳቱ በፊት፣ በሟቹ ላይ ሐቅ ያለው፣ የተበደለ ሁሉ፣ አውፍ ይበለው፣ ይቅር ይበለው ተብሎ ይጠየቃል፣ እኔ ደግሞ ሐቅ ነበረኝ፣ ሰው ፊት ያዋረደኝን ሰው ፊት ቆሜ አውፍ ልለው ቆረጥኩ፣ ከተቀበረ በኋላ ቤቴ ተቀምጬ ባጉረመርም ማን ይሰማኛል።

ግን በምን ልሂድ፣ ዓይኔ ደክሞ መንጃ ፈቃዴን ከወሰዱብኝ ቆይቷል፣ ታክሲ የሚባል ነገር ደግሞ ሚድታውን ውስጥ ቆመህ ብትውል አታገኝም። ልጄ ዘይነብ ሊልበርን ነው የምትኖረው፣ ያን ሰዓት ሥራ ላይ ነበረች፣ ስደውልላት ሾፌር የሌለውን ኦርደር አድርጌልሃለሁ አለችኝ።

«ሾፌር ከሌለው ማንን ነው ሰላም የምለው?»

«ማንንም፣ አባዬ። ኋላ ግባና ሪላክስ አድርግ፣ ኦኬ?»

ነጭ መኪና መጥቶ ፊቴ ቆመ፣ ቢስሚላህ ብዬ ከኋላ ገባሁ፣ ሄደ። አነዳዱን ልነቅፈው ፈልጌ ነበር፣ አልተቻለም፣ ቀጥ ያለ ነው። የመጀመሪያው ቀይ መብራት ላይ ቆምን። ጧ ጧ የሚል ሰማሁ። አረንጓዴ በራ። ፍሬቻው ነው አልኩ፣ መኪናው ግን ፍሬቻ አላበራም ነበር፣ ቀጥታ ነበር የሚሄደው። ሁለተኛው መብራት ላይ ጆሮዬን ሰጥቼ ጠበቅሁ፣ እመነኝ፣ ከፊት በግራ በኩል፣ ሾፌር ቢኖር አፉ ከሚሆንበት ቦታ፣ እርጥብ የምላስ ድምፅ፣ ጧ ጧ፣ ወዲያው አረንጓዴ። ሬዲዮ ይሆናል ብዬ ጎንበስ ብዬ አየሁ፣ ወንበሩ ባዶ ነው፣ መሪው ብቻ እጅ እንዳለበት ቀስ እያለ ይዞራል።

ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ ስንደርስ ወደ መስጊዱ መታጠፍ ሲገባው አልታጠፈም። ሄዶ ሄዶ የት ቢቆም ጥሩ ነው፣ ያ ምግብ ቤት በር ላይ። ቆመ፣ ዝም አለ። ልወርድ በሩን ብታገል አልከፈት አለኝ። ከዚያ ከጣሪያው የሴት ልጅ ድምፅ መጣ፣ መኪናውን ከሚልከው መሥሪያ ቤት ናት፣ እንግሊዝኛዬ የታክሲ እንግሊዝኛ ነው፣ ይህን ግን በደንብ ሰምቼዋለሁ፣ በትሕትና ነው የተናገረችው።

«ሰር፣ ከሾፌሩ ወንበር ይነሱ። እዚያ መቀመጥ ክልክል ነው።»

እኔ ኋላ ነኝ አልኳት።

«እርስዎን አይደለም ሰር። አብረውዎት ያሉትን አዛውንት ነው። እሳቸው ካልተነሱ መኪናው አይንቀሳቀስም።»

ማንም የለም፣ ብቻዬን ነኝ ብዬ ጮህኩ። ልጅቷ በካሜራው እያየች መሆን አለበት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ጓደኛዎ ይሰሙኛል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የበሩን እጀታ ደግሜ ጎተትኩ።

በዚያ መሀል ነው ያየሁት። በመስኮቱ፣ ጀናዛ የያዘው ቫን ከፊት፣ ከኋላው የኛ ሰዎች መኪኖች መብራታቸውን እያብለጨለጩ፣ ቀስ እያሉ በአጠገቤ አለፉ። ፊታቸውን ሁሉ ለየሁት። መስታወቱን በመዳፌ ደበደብኩ፣ አንዱም ዞር አላለ። «እንድሪስ፣ አውፍ ብዬሃለሁ፣ ልቀቀኝ» አልኩት ለባዶው ወንበር፣ ይህን አፌ ነው ያለው። የመጨረሻው መኪና ካለፈ በኋላ፣ ጧ ጧ። በሩ ተከፈተ።

ዘይነብ ለድርጅታቸው ደወለችላቸው፣ የሲስተም ችግር ነው አሏት፣ እሷም ይህንኑ መልሳ ነገረችኝ። እኔም እሺ ብዬ ተውኩት። ሐኪም ቤት የሚወስደኝ ሌላ ነገር ስለሌለ መሳፈሬን አልተውኩም፣ ብዙ ጊዜም ምንም የለም።

ባለፈው ሳምንት ዘይነብ አብራኝ ኋላ ተቀምጣ ነበር፣ እየሳቀች የሆነ ነገር ታሳየኛለች ከስልኳ። ቀይ መብራት ላይ ቆምን። ከጣሪያው ድምፅ መጣ፣ የወንድ ነው ይኼኛው፣ ከሾፌሩ ወንበር ይነሱ አለ። ዘይነብ፣ «የሲስተም ግሊች ነው አባዬ፣ ተወው» አለች፣ ግን ስልኳን አስቀምጣ ወደ እኔ ተጠግታ ነበር።

አውፍ ብዬሃለሁ፣ ሰምተሃል አይደል፣ አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

አረንጓዴው በርቷል። ከኋላችን ያሉት ጥሩምባቸውን ያንባርቁታል። መኪናው አልተነቃነቀም።